ዝግጅቱና አቤቱታው፦ የሰፈር ማኅበር ጉልበቱን ከየት ያገኛል?

የአንድ ሰፈር ማኅበር የወር ማስታወቂያ ብታነቡ ሁለት ዓይነት ነገር ታገኛላችሁ። ከላይ ዝግጅቶቹ አሉ፤ ቅዳሜ የጽዳት ዘመቻ፣ የልጆች የጨዋታ ቀን፣ ለአዲስ ነዋሪዎች የትውውቅ ምሽት። ከታች ደግሞ ችግሩ ይደረደራል። የመንገድ መብራቱ ከጠፋ ሰነበተ። ቱቦው ተደፍኖ ውሃው አስፋልቱ ላይ ተኝቷል። ቆሻሻ በቀኑ አይነሳም። መኪኖች ልጆች በሚሻገሩበት መንገድ ላይ ይከንፋሉ።

ብዙ ሰው የላይኛውን ዝርዝር ትርፍ ነገር አድርጎ ያየዋል። ቁም ነገሩ ከታች ያለው ነው ይላል። አንዳንድ የኮሚቴ አባላትም "ይሄ ሁሉ ችግር እያለ ለጨዋታ ጊዜ የለንም" ብለው ዝግጅቱን ይሰርዙታል። እኔ በዚህ አልስማማም። አቤቱታው ሰሚ የሚያገኘው ዝግጅቱ በደንብ ሲሠራ ነው ብዬ አምናለሁ። ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች አይደሉም። ይህን የምለው መሰባሰብ ደስ ስለሚል ብቻ አይደለም። በተለያዩ ከተሞች የሆነውን ስናይ ነገሩ ደጋግሞ ይወጣል። (ከዚህ በታች የጠቀስኳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1995 ሐምሌ ላይ ቺካጎን ከባድ ሙቀት መታት። ሙቀቱ 41 ዲግሪ ሴልሺየስ ደረሰ። ከወትሮው በላይ 739 ሰው ሞተ። ብዙዎቹ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ነበሩ። በርና መስኮት እንደዘጉ፣ ማንም ሳያንኳኳላቸው የሞቱ።

ኤሪክ ክላይነንበርግ የተባለ የማኅበረሰብ ሳይንስ ተመራማሪ ከዚያ በኋላ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሰፈሮችን አነጻጸረ። ኖርዝ ሎንዴልና ሳውዝ ሎንዴል ይባላሉ። ሁለቱም ጋ ድህነት አለ። ብቻቸውን የሚኖሩ ችግረኛ አረጋውያንም ቁጥራቸው ይቀራረባል። የሞቱ መጠን ግን ለየቅል ነው። በኖርዝ ሎንዴል ከ100,000 ሰው 40 ሲሞት፣ በሳውዝ ሎንዴል 4 እንኳን አልሞላም።

በመጀመሪያው ሰፈር ሱቆች ተዘግተዋል። ቤቶች ፈርሰው ባዶ ቦታው በዝቷል። ሽማግሌዎቹ ወንጀል ፈርተው ከቤት አይወጡም። በሁለተኛው ሰፈር መንገዱ ሰው በሰው ነው። ሱቁ ክፍት ነው። አንዲት አሮጊት ሙቀቱ ሲብስባቸው ወጣ ብለው የሚሄዱበት ቦታ አላቸው፤ ለመውጣትም አይፈሩም። ክላይነንበርግ ይህ የማኅበር ሥራ ውጤት ነው አላለም። እኔም አልልም። ግን ሰው ከቤት የሚወጣበት ምክንያትና ቦታ ማግኘቱ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል። የሰፈር ማኅበር ደግሞ ሊያደርገው የሚችለው ትልቁ ነገር ይኸው ነው።

እዚያው ቺካጎ፣ በዚያው ዓመት፣ ሮበርት ሳምፕሰንና ባልደረቦቹ በ343 የከተማዋ አካባቢዎች 8,782 ነዋሪዎችን ጠየቁ። ጥያቄዎቹ የዕለት ተዕለት ነገር ላይ ያተኮሩ ናቸው። ልጆች ከትምህርት ቤት ፎርፈው መንገድ ጥግ ላይ ቢቆሙ ጎረቤቶችህ ዝም ብለው ያልፋሉ? ግድግዳ ላይ በቀለም ሲሞነጫጭሩ ቢያዩስ? ደጅህ ላይ ጠብ ቢነሳስ? በአቅራቢያችሁ ያለው የእሳት አደጋ ጣቢያ በጀቱ ሊቀነስ ነው ቢባልስ? ውጤቱ በ1997 ታተመ። ጎረቤት ጎረቤቱን በሚያምንበትና "እዚህ ሰፈር ሰው አይቶ አያልፍም" በሚባልበት ቦታ ዓመፅ ያንሳል። የድህነቱ ልዩነት ከግምት ገብቶም ነገሩ ያው ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ጥያቄው ጎረቤቶችህ የልብ ወዳጆችህ ናቸው ወይ አይደለም። በጋራ ጉዳይ ላይ ይነሳሉ ወይ ነው።

መቀራረብ ብቻውን አይበቃም

እዚህ ላይ ብዙ ማኅበር የሚስተው ነጥብ አለ። ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልሂድበት።

ቦስተን ከተማ ውስጥ ዌስት ኤንድ የሚባል ሰፈር ነበር። ከነዋሪው ብዙው የጣልያን ዝርያ ያለው ሠራተኛ ነው። ሰዉ በጣም ይቀራረባል። አብረው ያደጉ፣ ማታ ማታ በየቤቱ የሚሰባሰቡ፣ ከሥጋ ዘመድ ጋር ጥብቅ ኑሮ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። በ1950ዎቹ ከተማው "መልሶ ማልማት" ብሎ ሰፈሩን ሊያፈርስ ተነሳ። እንዲህ የተፋቀረ ሰፈር እንደ አንድ ሰው ሆኖ ይነሳል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። አልተነሳም። በአሥርተ ዓመቱ መጨረሻ ዌስት ኤንድ ፈረሰ። ቻርልስታውን የሚባለው ሌላው የቦስተን ሰፈር ግን ተመሳሳይ ዕቅድ ሲመጣበት ተደራጅቶ መከላከል ቻለ።

ማርክ ግራኖቬተር በ1973 ባሳተመው ታዋቂ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ አነሳ። የሰጠው ማብራሪያ ለማንኛውም የሰፈር ኮሚቴ ይጠቅማል። በዌስት ኤንድ ሰዉ በትንንሽ ቡድን ተሰባስቧል። በቡድኑ ውስጥ ሁሉም ሁሉንም ያውቃል። ቡድን ከቡድን የሚያገናኝ ሰው ግን የለም። ስለዚህ አንዱ ተነስቶ "ኑ እንደራጅ" ሲል ከራሱ ቡድን ውጭ ያለው ሰው "ይሄ ደግሞ ማን ነው?" ይላል። ሊያምነው ምክንያት የለውም። "እኔ አውቀዋለሁ፣ ደህና ሰው ነው" የሚለው መሃል ሰው ጠፍቷል። በቻርልስታውን ልዩ ልዩ ማኅበራት ነበሩ። ብዙ ነዋሪ ደግሞ እዚያው ሰፈሩ ውስጥ ይሠራ ነበር። ሰዎች ባይዋደዱም ይተዋወቁ ነበር። ያ በቃ።

ይህ ማለት የማኅበሩ ዝግጅት መመዘን ያለበት በድምቀቱ አይደለም ማለት ነው። ስንት ሰው መጣ የሚለውም ብቻውን ብዙ አይነግረንም። ዋናው ጥያቄ ከዚህ በፊት ተነጋግረው የማያውቁ ስንት ሰዎች ተነጋገሩ የሚለው ነው። ከላይኛው ብሎክ ያለው ከታችኛው ጋር፣ ተከራዩ ከባለቤቱ ጋር፣ ሃያ ዓመት የኖረው ከመጣ ሳምንት ካልሆነው ጋር። የሚተዋወቁት ሰዎች አንድ ጥግ ይዘው ሲስቁ የሚያመሹበት ዝግጅት ለእነሱ ደስ ይላል። ለብቻው የመጣው ግን ግማሽ ሰዓት ቆሞ ይወጣል፤ ሁለተኛ አይመለስም። በር ላይ ቆሞ አዲስ ሰው የሚቀበል፣ ስሙን የሚጠይቅ፣ ወስዶ ከሌላ ሰው ጋር የሚያገናኝ አንድ አባል ቢመደብ ከድምፅ ማጉያውና ከዳስ ኪራዩ የበለጠ ይሠራል።

አብሮ መሥራት ደግሞ አብሮ ከመቀመጥ ይበልጣል። ወንበር ላይ ተደርድሮ ንግግር የሚሰማ ሰው ከጎኑ ያለውን ሳያውቅ ይሄዳል። አካፋና መጥረጊያ የያዙ ሁለት ሰዎች ግን ሳይነጋገሩ አይውሉም። በፊላደልፊያ የተደረገ ጥናት ስለዚህ ዓይነቱ ሥራ ጥሩ ማስረጃ አለው። በ2018 የታተመ ነው። ተመራማሪዎቹ 541 ባዶ ቦታዎችን ወስደው በዕጣ ከፋፈሏቸው። ከፊሉ ቆሻሻው ተጠርጎ ሣር ተዘራበት፣ ጥቂት ዛፍ ተተከለበት፣ ዝቅ ያለ የእንጨት አጥር ተደረገለት። አጥሩ መግቢያ አለው፤ ሰው ገብቶ እንዲቀመጥበት ነው። ከፊሉ እንደነበረ ተተወ። ከድህነት ወለል በታች ባሉት አካባቢዎች፣ ቦታው በዚህ መልክ በተስተካከለበት ዙሪያ የጠመንጃ ጥቃት 29 በመቶ ቀነሰ። ሣር፣ ዛፍና አጥር ነው። ፖሊስ አልተጨመረም፤ ካሜራም አልተተከለም።

የብሪስቶል ወላጆች ያደረጉትም መጠቀስ አለበት። በ2009 በእንግሊዝ ብሪስቶል ከተማ ጥቂት እናቶች የራሳቸውን መንገድ ለጥቂት ሰዓት ለመኪና ዘግተው ልጆች እንዲጫወቱበት አደረጉ። ነገሩ ተስፋፋ። ከተማውም መንገዱን በፈቃድ የሚዘጉበት ቀላል አሠራር ዘረጋ፤ ሌሎች ከተሞችም ተከተሉ። የሚያስፈልገው ዕቃ ትንሽ ነው። መንገዱ ሁለት ጫፍ ላይ መዝጊያ ይደረጋል፤ አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሱ ወላጆች ይቆማሉ፤ የሰፈሩ ነዋሪ መኪናውን ይዞ ሲመጣ አንዱ ከፊት ከፊት እየሄደ በእግር ፍጥነት ያስገባዋል። ልጆቹ ይጫወታሉ። ወላጆቹ ደጅ ላይ ቆመው መተዋወቃቸው አይቀርም። የመኪና ፍጥነት ጉዳይ ደግሞ እዚያው ይነሳል። መንገዱ ጸጥ ሲል ምን እንደሚመስል ሁሉም ስላየው፣ በሚቀጥለው ስብሰባ "ፍጥነት መቀነሻ ይሠራልን" የሚለው ሐሳብ ብዙ ማስረዳት አይፈልግም።

በፓሪስ 17ኛው ክፍለ ከተማ በ1999 የተጀመረው የጎረቤቶች ቀን መነሻው አሳዛኝ ነው። አንዲት አሮጊት በመኖሪያ ቤታቸው ሞተው ለወራት ማንም አላወቀም ነበር። አታናስ ፔሪፋን የተባለው የአካባቢው ተመራጭ በዓመት አንድ ቀን ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር የሚቀመጥበትን ሐሳብ አመጣ። ዛሬ በብዙ አገር ይከበራል። ጥሩ ነው። ብቻ በእኔ ግምት በዓመት አንዴ የሚደረግ ትልቅ ቀን፣ በወር አንዴ የሚደረግን ትንሽ ነገር አይተካም። ትልቁ ቀን ኮሚቴውን ያደክመዋል። ካለቀ በኋላ ሦስት ወር ማንም ማንንም አያይም።

አቤቱታ ጥርስ እንዲያወጣ

ወደ ችግሮቹ ልምጣ። የብዙ ማኅበር አቤቱታ መልስ የማያገኘው ባለሥልጣኑ ክፉ ስለሆነ ብቻ አይደለም። አቤቱታው መያዣ መጨበጫ ስለሌለው ነው። "ሰፈራችን ጨለማ ሆኗል፣ መፍትሔ ይሰጠን" የሚል ደብዳቤ የተቀበለ ሠራተኛ ምን ሊያደርግ ይችላል? ፋይል ውስጥ ይከተዋል። "በዚህ መንገድ ላይ ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ድልድዩ ያሉት አራት የመብራት ምሰሶዎች፣ ቁጥራቸው ይኸው፣ ከዚህ ቀን ጀምሮ አይበሩም፣ ፎቶው ተያይዟል" የሚል ደብዳቤ ግን ለአንድ ባለሙያ የአንድ ቀን ሥራ ሆኖ ይቀርባል። አንድ ደብዳቤ፣ አንድ ጉዳይ። ለትክክለኛው መሥሪያ ቤት። የገቢ ቁጥሩ ተይዞ።

የመኪና ፍጥነትም ቢሆን እንዲሁ። ማኅበሩ ራሱ ሊቆጥር ይችላል። ሁለት ሰው ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ ስንት መኪና እንዳለፈ፣ ስንት ልጅ እንደተሻገረ ይመዘግባል። ይህን ለአንድ ሳምንት ያደረገ ማኅበር ከንግግር በላይ የሆነ ወረቀት ይዞ ይሄዳል። የመኪናው ብዛት ደግሞ የአደጋ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዶናልድ አፕልያርድ በ1960ዎቹ መጨረሻ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሦስት መንገዶችን አጥንቷል። አንዱ በቀን 2,000 ያህል መኪና ያልፍበታል፤ ሌላው 8,000፤ ሦስተኛው 16,000። መኪና በማይበዛበት መንገድ የሚኖር ሰው በአማካይ 3 ወዳጅ አለው፤ በሚበዛበት መንገድ ያለው 1 እንኳን አይሞላም። የሚያውቀውም ሰው በግማሽ ያነሰ ነው። መንገዱ ሲጨናነቅ ሰዉ ፊቱን ወደ ጓሮ ያዞራል። አንድ ሰፈር መኪናው እንዲቀንስለት ሲጠይቅ ጎረቤቱን እንዲመልሱለት እየጠየቀም ነው።

አቤቱታ እንዴት ጥርስ እንደሚያወጣ ከባርሴሎና የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ቶሬ ባሮ በከተማዋ ዳር፣ ተራራ ላይ የተሠራ የድሃ ሰፈር ነው። ነዋሪዎቹ ከሌላ የስፔን ክፍል ሥራ ፍለጋ የመጡ ናቸው። ቤቶቹን ብዙዎቹ በገዛ እጃቸው ነው የሠሩት። በ1970ዎቹ አውቶቡስ አይደርሳቸውም ነበር። ሽማግሌው፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ዕቃ የተሸከመው ሁሉ ዳገቱን በእግሩ ይወጣል። ማኅበሩ ደጋግሞ ጠየቀ። መልሱ አንድ ነው፤ መንገዱ ጠባብና ቀጥ ያለ ዳገት ስለሆነ አውቶቡስ ሊወጣው አይችልም።

ማኑኤል ቪታል የሰፈሩ ነዋሪና የማኅበሩ ሰው ነው። ሥራው ደግሞ የከተማ አውቶቡስ ሹፌርነት ነው። ግንቦት 7 ቀን 1978 የሚነዳትን የ47 ቁጥር አውቶቡስ ከመስመሯ አውጥቶ ወደ ቶሬ ባሮ ነዳት። አውቶቡሷ ወጣች። ነዋሪው ተሰብስቦ ተቀበላት። ቪታል ታሰረ፣ ተከሰሰም። "አይቻልም" የሚለው መልስ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ሊሠራ አልቻለም። ሰፈሩም በኋላ አውቶቡስ አገኘ።

አውቶቡስ ንጠቁ ማለቴ አይደለም። ልብ በሉልኝ የምለው ሌላ ነው። የአስተዳደሩ መልስ ሊፈተን የሚችል ነገር ነበር፤ አውቶቡስ ይወጣል ወይስ አይወጣም። ማኅበሩ ውስጥ ይህን ሊፈትን የሚችል ባለሙያ ነበር። የኮሚቴ አባላት ብዙ ጊዜ ጠበቃና ባለሀብት ይፈልጋሉ። ሰፈሩ ውስጥ ግን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ነርስ፣ ቀያሽ፣ ሹፌር፣ የቧንቧ ባለሙያ አለ። ቱቦው ለምን እንደሚደፈን ከማንም ቢሮ በፊት የሚያውቀው እሱ ሊሆን ይችላል። ግን ማን ምን እንደሚሠራ የሚታወቀው ሰዎች ከተገናኙ ነው። ቅድም ያልኩት የዝግጅት ጉዳይ እዚህ ይገባል።

ኮቤ ላይ ሁለቱ ነገሮች ተያይዘው ይታያሉ። ማኖ በጃፓን ኮቤ ከተማ፣ ናጋታ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለ ሰፈር ነው። ፋብሪካና መኖሪያ ቤት ተቀላቅሎ የተሠራበት ነው። በ1960ዎቹ ነዋሪዎቹ የፋብሪካ ጭስና ብክለት በዝቶባቸው ተደራጁ። ተከራክረውም ለውጥ አመጡ። ብዙ ማኅበር ጥያቄው ሲመለስ ይበተናል። የማኖ ሰዎች አልተበተኑም። መናፈሻ ወደ ማሠራት፣ አረጋውያንን ወደ መርዳት፣ ሰፈሩ ወደፊት ምን መምሰል አለበት ወደሚለው ዕቅድ ተሻገሩ። ጥር 17 ቀን 1995 ከ6,400 በላይ ሰው የገደለው የመሬት መንቀጥቀጥ ኮቤን መታ። ናጋታ ውስጥ እሳት ተነሳ። የእሳት አደጋ መኪና ለሁሉም አልደረሰም። በማኖ ነዋሪው ተሰልፎ ባልዲ እየተቀባበለ፣ ከሰፈሩ ፋብሪካ ሠራተኞች ጋር ሆኖ እሳቱን ገታው። በአቅራቢያው ሚኩራ የሚባለው ሰፈር ግን ክፉኛ ተቃጠለ።

ባልዲ የሚቀባበል ሰልፍ በዚያ ሰዓት የሚፈጠር ነገር አይደለም። ማን የት እንደሚኖር፣ የትኛው ቤት ውስጥ መንቀሳቀስ የማይችል ሰው እንዳለ፣ ማን ሲናገር ሰው እንደሚሰማ ቀድሞ መታወቅ አለበት። ፋብሪካውም ቢሆን በአንድ ወቅት የተከራከሩት ጎረቤት ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል ተነጋግረው ኖረዋል።

ስብሰባው ውስጥ የሌለው ማን ነው?

እስካሁን ማኅበርን አሞገስኩ። አሁን የሚያሳስበኝን ልናገር።

የሰፈር ማኅበር "የሰፈሩ ሕዝብ እንዲህ ይላል" ብሎ ይጽፋል። ግን ስብሰባው ላይ ስንት ሰው ነበር? እነማን ነበሩ? አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ ተመራማሪዎች በ97 ትልልቅና ትንንሽ ከተሞች ስለ አዳዲስ ቤቶች ግንባታ የተደረጉ የሕዝብ ስብሰባዎችን ቃለ ጉባኤ መርምረዋል። ተነስተው የተናገሩትን ሰዎች ከመራጮች መዝገብ ጋር አስተያዩ። ተናጋሪዎቹ ከሌላው ሕዝብ ይልቅ በዕድሜ የገፉ፣ ወንዶች፣ የቤት ባለቤቶች፣ በአካባቢው ለረጅም ጊዜ የኖሩ ሆነው ተገኙ። አብዛኛው ንግግርም ግንባታውን የሚቃወም ነበር። ቤት የሚፈልገው ሰው ስብሰባው ላይ የለም። ገና እዚያ ሰፈር ስላልገባ ሊኖርም አይችልም።

ይህ እዚያ ብቻ የሚሆን ነገር አይመስለኝም። የስብሰባው ሰዓት ማን እንደሚመጣ ይወስናል። ማታ ፈረቃ የሚሠራው አይመጣም። ልጅ የሚይዝላት ያጣች እናት አትመጣም። ተከራይ "ነገ ለምለቅቀው ቤት ምን አገባኝ" ይላል፤ ወይም ጭራሽ አልተጠራም። ወጣቱ አንዴ መጥቶ "አንተ ገና ልጅ ነህ" የሚል ፊት ካየ አይመለስም። ደረጃ መውጣት የማይችለው ሰው ሁለተኛ ፎቅ ላይ የተጠራ ስብሰባ ላይ የለም። ከዚያ ውሳኔው "በሙሉ ድምፅ ጸደቀ" ተብሎ ይጻፋል።

ሼሪ አርንስታይን በ1969 የነዋሪዎችን ተሳትፎ ስምንት ደረጃ ባለው መሰላል ከፋፍላ አሳይታለች። ከታች ሕዝብን ማታለል አለ። መሃል ላይ ማሳወቅና ማማከር። ከላይ ሥልጣን መጋራትና መቆጣጠር። ብዙ ጊዜ ይህን መሰላል የምናነሳው መንግሥትን ለመውቀስ ነው። እኔ ግን ማኅበሩ ራሱ ለአባላቱ የትኛው ደረጃ ላይ እንደቆመ ቢጠይቅ እወዳለሁ። ኮሚቴው ጨርሶ መጥቶ "አስተያየት ካላችሁ" የሚል ከሆነ፣ አስተዳደሩ እኛን ከሚያደርገን የተለየ አላደረገም።

የሚቻል ነገር አለ። ቃለ ጉባኤው ላይ ስንት ሰው እንደተገኘ፣ ከየትኛው ብሎክ፣ ተከራይ ስንት፣ ባለቤት ስንት መሆኑ ይጻፍ። ቁጥሩ ሲያሳፍር ሰው ፍለጋ መውጣት ይጀመራል። አንዱን ስብሰባ ማታ፣ ሌላውን እሁድ ከሰዓት ማድረግ ይቻላል። ከባድ ውሳኔ ከመወሰኑ በፊት ሁለት ሁለት ሆኖ በር ማንኳኳት አድካሚ ነው። ግን እስካሁን ከእሱ የተሻለ አልተገኘም። የቴሌግራም ግሩፕ ለማስታወቂያ ይጠቅማል፤ ለውሳኔ ግን አደገኛ ነው። ሌሊት የጻፉ ሦስት ሰዎች ሰፈሩን ሆነው ይታያሉ።

በተለይ የጸጥታ ጉዳይ ሲነሳ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። "ጸጉረ ልውጥ ሰው አየሁ" የሚል መልእክት በአንድ ደቂቃ ሰፈሩን ያነሳሳል። ሰውየው ምን አደረገ ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የለም። ኔክስትዶር የተባለው የጎረቤቶች መገናኛ መተግበሪያ ይህ ችግር ገጥሞት ነበር። ሰዎች በቆዳ ቀለማቸው ብቻ "ተጠርጣሪ" ተብለው እየተለጠፉ መሆኑ ብዙ ወቀሳ አስነሳ። ድርጅቱ በ2016 የጥቆማ ቅጹን ቀየረው። ጸሐፊው የሰውየውን ዘር ብቻ ጠቅሶ ማለፍ አይችልም፤ ምን እንዳደረገና ሌላ መለያውን መጻፍ አለበት። ይህ ደንብ ለማንኛውም ሰፈር ይሠራል። ድርጊቱን ጻፉ። ያልተደረገ ነገር ከሆነ አትለጥፉ። የሰው ልጅ ስም ከጠፋ ማኅበሩ መልሶ አያመጣውም።

መዋጮና ርክክብ

ማኅበራት በጠላት አይፈርሱም። የሚፈርሱት በገንዘብ ጥርጣሬና በድካም ነው።

በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማትን ያገኘችው የመጀመሪያ ሴት ኤሊኖር ኦስትሮም የጋራ ሀብትን ለዘመናት ያቆዩ ማኅበረሰቦችን ስታጠና ኖራለች። የስዊዘርላንድ የተራራ ግጦሽ፣ የጃፓን መንደሮች ደን፣ የስፔን መስኖ። የሚመሳሰሉበትን ስታይ፣ ደንቡን ያወጡት ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ናቸው። ተቆጣጣሪው ለእነሱ መልስ ይሰጣል። ቅጣቱ ከትንሽ ይጀምራል፤ የመጀመሪያ ጥፋት ላይ ሰው አይባረርም። ጠብ ሲነሳ በፍጥነትና ያለ ብዙ ወጪ የሚፈታበት ቦታ አለ። በስፔን ቫሌንሲያ የመስኖ ተጠቃሚዎች ዳኞች ዛሬም ሐሙስ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ በካቴድራሉ በር ይቀመጣሉ። ክርክሩ በቃል ነው። ውሳኔው እዚያው ይሰጣል። የመኪና ማቆሚያና የድምፅ ጠብ ፍርድ ቤት እስኪደርስ የሚጠብቅ ሰፈር ከዚህ የሚማረው ነገር አለ። የታወቀ ቀን፣ የታወቀ ቦታ፣ ሁለቱንም ወገን የሚሰሙ የተከበሩ ሰዎች።

ገንዘቡን በተመለከተ ነገሩ ረጅም አይደለም። ያለ ደረሰኝ አንድም መዋጮ አይሰብሰብ። ከባንክ ሲወጣ ፊርማው ከአንድ ሰው በላይ ይሁን። የገባና የወጣው በየወሩ ሁሉም በሚያየው ቦታ ይለጠፍ። ገንዘብ ያዡ ታማኝ ሰው ስለሆነ ይህ አያስፈልግም የሚል ሰው ይኖራል። እኔ እንደሚመስለኝ ታማኙን ሰው ከሐሜት የሚያድነው ይኸው ነው። መክፈል ያቃተው ጎረቤት ደግሞ በጉልበቱ የሚያዋጣበት መንገድ በደንቡ ውስጥ ይኑር፤ ስሙ ተጠርቶ ማፈር የለበትም።

ድካም ሌላው ነው። አንድ ጎበዝ ሊቀመንበር ሁሉንም በራሱ ይሠራል። ደብዳቤውን እሱ ይጽፋል፤ ቢሮ እሱ ይመላለሳል፤ ዝግጅቱንም እሱ ያዘጋጃል። ሰዉ ያመሰግነዋል፤ ግን አያግዘውም። ከዓመታት በኋላ ይሰለቸዋል ወይም ሰፈር ይቀይራል። የሚያውቀውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ የሥራ ዘመኑ በደንቡ ይወሰን። ለሊቀመንበሩም፣ ለጸሐፊውም፣ ለገንዘብ ያዡም ከአሁኑ ተተኪ ይመደብላቸውና አብረው ይሥሩ። ቢሮ ሲኬድ ሁለት ሆኖ ይኬድ፤ አንዱ ሁልጊዜ አዲስ ሰው ይሁን። ርክክቡም በወረቀት ይሁን። ማኅተሙ፣ የባንክ ደብተሩ፣ ቃለ ጉባኤው፣ የአባላት መዝገቡ፣ ከዚህ ሁሉ ጋር ደግሞ መልስ ያላገኙት ደብዳቤዎች ዝርዝር። እያንዳንዱ ደብዳቤ መቼ እንደገባ፣ የገቢ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ፣ በየትኛው ቢሮ ከማን ጋር እንደተነጋገሩበትና ቀጣይ ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ተጽፎ፣ ከጎኑ ጉዳዩን የሚከታተለው አዲሱ አባል ይፈርምበት።